ለጋሽ ሰይድ የነገርኳቸው ቁጥር

ይህን የምጽፈው ምክር ፈልጌ አይደለም። ምክር የሚጠቅመው ነገሩ ገና ላልደረሰበት ሰው ነው፤ የእኔ ደርሶ አልፏል። ብቻ ለማንም ሳልናገረው ሁለት ዓመት ስለሞላኝ፣ ፊቴን ለማታውቁት ለእናንተ ማውራቱ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው።

ሂሩት እባላለሁ። የምኖረው ኦክላንድ ፍሩትቬል ነው፤ ሥራዬ ሳን ሆዜ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ተማርኩ፣ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ግን ኦክላንድ ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ቀን ከሲያትል የመጡ አንዲት አዛውንት እየገፋሁ ስወጣ ሊቀበሏቸው የመጡት አማቻቸው በአማርኛ ስናወራ ሰሙን። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ።

"ምን ተምረሻል?" አሉኝ፣ እንዲያው ለወግ ያህል።

"ጂኦፊዚክስ።"

ቆም አሉ። አልሳቁም፣ አላዘኑልኝምም። "ሰኞ ሬዙሜሽን ይዘሽ ሳን ሆዜ ነይ" ብለው አድራሻ ጻፉልኝ። ጋሽ ሰይድ እኚህ ናቸው።

ደሴ የሃይስኩል ፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ መጥተው ስምንት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው ልጆቻቸው ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ክላስ ተቀምጠው ዲግሪያቸውን የሠሩት። እኔ ስደርስ በዚያች ትንሽ ቢሮ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ፣ ከሁሉም ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። የማውቀውን ሥራ ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። መርከብ በጥልቅ ባሕር ላይ እየሄደች ኃይለኛ ድምፅ ወደ ታች ትለቃለች። ድምፁ ውኃውን አልፎ ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ጭቃና አሸዋ ውስጥ ይገባና ከየንብርብሩ እየነጠረ ይመለሳል። መርከቧ በምትጎትተው ረጅም ኬብል ላይ የተደረደሩ መሣሪያዎች የተመለሰውን ይቀርጹታል። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ያንን ድምፅ ወደ ምስል እንለውጣለን። የምንፈልገው ሃይድሬት የሚባለውን ነው። ባሕሩ ሥር ብርዱና ግፊቱ ሲበረታ ጋዝ ውኃ ውስጥ ይታሰርና በረዶ የሚመስል ነገር ይሆናል። ክብሪት ቢጭሩበት ይነዳል። ድምፅ ሃይድሬት ባለበት ጭቃ ውስጥ ሲያልፍ ይፈጥናል። ስለዚህ የድምፁን ፍጥነት እንለካለን፣ ሃይድሬት ባይኖር ኖሮ ይኖረው ከነበረው ፍጥነት ጋር እናወዳድራለን፣ ከልዩነቱ ምን ያህል ሃይድሬት እንዳለ እንገምታለን።

ጣጣው "ባይኖር ኖሮ" የሚለው ላይ ነው። እሱን ማንም አላየውም። መነሻውን ዝቅ አድርጎ የገመተ ሰው ተራ ድንጋይ ሁሉ ሃይድሬት ሆኖ ይታየዋል።

ጋሽ ሰይድ አሥራ ሁለት ዓመት የሙጥኝ ያሉት አንድ ቦታ ነበር፤ ከባሕር ዳርቻ ርቆ በጥልቅ ውኃ ሥር ያለ ቦታ። ምስሉን ግድግዳቸው ላይ ለጥፈው የመጣውን ሰው ሁሉ ያሳዩ ነበር። "እዚህ ጋ ብዙ አለ" ይሉ ነበር። በስብሰባ ላይ ተከራክረውለታል፣ ባልደረቦቻቸው ቀልደውባቸዋል፣ ቁፋሮው ሁለት ጊዜ ተፈቅዶ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። በመጨረሻ የሂሳቡን መነሻ እንደገና እንድሠራው ለእኔ ሰጡኝ።

ሠራሁት። በመካከሉ ከቦታው ራቅ ብሎ ድሮ የተቆፈረ የአንድ ጉድጓድ መዝገብ አገኘሁ። እዚያም በዚያው ጥልቀት ላይ ድምፁ ልክ እንደኛው ፈጥኗል፤ ነገር ግን ሃይድሬት አልነበረም፣ ጠጣር የኖራ ድንጋይ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ "የእኛም ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ጋሽ ሰይድን መጠየቅ" ብዬ ጻፍኩ። ልጠይቃቸው ብድግ ስል እሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

"ሂሩቴ፣ ፈቀዱልን" አሉ። "መርከቧ ትሄዳለች።"

ፋይሉን ዘጋሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገም ሌላ ነገ ሆነ። ግምቱ በእኔ መነሻ፣ በእሳቸው ስም ወጣ። ዝም ያልኩት ለምንድን ነው? ደስታቸውን ላለማደፍረስ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው። ዊልቸር ከመግፋት ያነሣኝን ሰው "ተሳስተዋል" ማለት ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ መርከቧ እስክትሄድ ሦስት ዓመት ፈጀ። በሦስተኛው ዓመት ጋሽ ሰይድ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞቹ ወራት ነው ያላቸው አሉ። እሳቸው ግን "መርከቧ እስክትቆፍር እቆያለሁ" ይሉ ነበር፤ ደግሞም ቆዩ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሳን ሊያንድሮ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር በተዘረጋ የሕመምተኛ አልጋ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራና ልጃቸው ሐናን ያስታምሟቸዋል፣ አንዲት ነርስ ትመላለሳለች።

ማክሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። ድምፃቸው ከወረቀት የሳሳ ነበር።

"መሰርሰሪያው ወለሉን ነካ?"

"ነካ፣ ጋሽ ሰይድ። ነገ ቀትር ላይ ሪዛልቱ ይደርሰናል።"

"እንግዲህ ኮል እንዳታደርጊልኝ። ራስሽ መጥተሽ ንገሪኝ።"

"እሺ፣ እመጣለሁ።"

ረቡዕ ቀትር ሊሆን ሲል ፋይሉ ገባ። መሰርሰሪያው ላይ የተገጠሙት መሣሪያዎች እየወረዱ የለኳቸው ሦስት መስመሮች ናቸው፤ የድምፅ ፍጥነት፣ የኤሌክትሪክ መቋቋም፣ ክብደት። መጀመሪያ የድምፁን ከፈትኩ። ጋሽ ሰይድ ባሉት ጥልቀት ላይ፣ ከሜትር ሳይዛነፍ፣ ፍጥነቱ ሽቅብ ወጣ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። በደስታ ነው። ለደቂቃ ያህል ከሦስት ዓመት ጭንቀት የወጣሁ መሰለኝ።

ከዚያ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ሃይድሬት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ካለ ያ መስመር ከፍ ማለት አለበት። አላለም። ሦስተኛውን ከፈትኩ። ክብደቱ ከድምፁ ጋር አብሮ ወጥቷል።

ሃይድሬት ከውኃ ብዙም አይከብድም። ድምፅን ያፈጥናል እንጂ ጭቃውን አያከብደውም። ፍጥነትም ክብደትም አብረው ከጨመሩ ያ ነገር ድንጋይ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንቴ፣ ከጎኔ ቁጭ ብለው።

አለቃችን አሜሪካዊ ነው፤ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን አየ።

"ዌል፣ ኢት ሃፕንስ" አለ በለሆሳስ፣ ያጋጥማል ለማለት። ቀጥሎም፣ "ለሰይድ ማን ይነግራቸዋል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እኔ" አልኩት።

ኮምፒዩተሬን ሳልዘጋ እትዬ ዘሀራ ደወሉ። ሲያለቅሱ ቆይተው ነው የደወሉት።

"ሂሩትዬ፣ ነርሷ ዛሬ ወይ ነገ ነው ብላናለች። እህል ካፉ ከገባ አራት ቀኑ። እሱ ግን አንቺን ነው የሚጠይቀው። 'ሂሩት መጣች ወይ?' ይላል ዓይኑን በገለጠ ቁጥር።"

"እየመጣሁ ነው፣ እትዬ ዘሀራ።"

"ደግ ነገር ይዘሽ ነይ፣ የኔ ልጅ። ደግ ነገር ሰምቶ ይሂድልኝ።"

ከሳን ሆዜ ሳን ሊያንድሮ ባቡሩ አንድ ሰዓት አይሞላም። ፍሪሞንት እስክንደርስ የወሰንኩት እውነቱን ልነግራቸው ነበር። በልቤ እየደጋገምኩ አጠናሁት። "ጋሽ ሰይድ፣ ድንጋይ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት አይቼው ዝም አልኩ።" ሄይዋርድ ስንደርስ ግን የእትዬ ዘሀራ ድምፅ በረታብኝ። አንድ ሊሞት ያለ ሰው እውነቱን ቢያውቅ ምን ያደርግለታል? ማን ይጎዳል? መርከቧ ተመልሳ አትቆፍር፣ እሳቸውም ዳግመኛ አይከራከሩ። ከባቡሩ ስወርድ እውነቱን ባቡሩ ውስጥ ትቼው ነው የወረድኩት።

በሩን የከፈተችልኝ ሐናን ናት። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነው።

"ሂ ኢዝ አዌክ፣ ነቅቷል" አለችኝ። "ፎቶውን አውጡልኝ ስላለን አወጣንለት።"

ያ ግድግዳ ላይ የነበረው ምስል ብርድ ልብሳቸው ላይ ተዘርግቷል። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ አልጋውን አልብሶታል። ጋሽ ሰይድ ትራሱ ላይ ቀና ብለዋል፤ መነጽራቸውን አድርገዋል። እጃቸው አጥንት ብቻ ሆኗል።

"ደረስሽ" አሉ።

"ደረስኩ። እንዴት ዋሉ ጋሽ ሰይድ?"

"አልሐምዱሊላህ። ቅረቢ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ።" ወንበሩን ሳብኩ። እትዬ ዘሀራ እግራቸው ሥር ቆመዋል፤ ሐናን ከኋላዬ።

"መጣ?"

"መጣ።"

"ፍጥነቱ?"

"ወጣ። እርስዎ ባሉት ጥልቀት ላይ ነው የወጣው፤ አንድ ሜትር አልተዛነፈም።"

ይህ እውነት ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"መቋቋሙስ?"

ያኔ መመለስ እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። እትዬ ዘሀራ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል።

"እሱም ወጣ" አልኩ።

"ስንት?"

ቁጥር ጠራሁላቸው። ከራሴ ያወጣሁት ቁጥር ነው። በጣም ያማረ ቁጥር ነበር።

እትዬ ዘሀራ አለቀሱ። "ሰማህ? ያልከው ሆነ" አሏቸው። ጋሽ ሰይድ ፈገግ አሉ፤ ያን ፈገግታ አሁንም አየዋለሁ። እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ሰድደው በጣታቸው የንብርብሩን መስመር ይከተሉ ጀመር፤ ቀስ እያሉ፣ ልክ ቢሮ ሳሉ እንደሚያደርጉት። እኔም ተነፈስኩ። አለቀ ብዬ ነው።

"ክብደቱስ?" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ባቡር ውስጥ ውሸቴን ስሸምን ስለ ክብደቱ አላሰብኩም። ስክሪኑ ላይ ያየሁት ዓይኔ ውስጥ ነበርና ያው አፌ ላይ መጣ።

"ሁለት ነጥብ ሁለት።"

ጣታቸው ቆመ።

"ሁለት ነጥብ ሁለት" ብለው ደገሙት። የጠሩትን ቁጥር ስሰማ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ከውኃ ሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ሃይድሬት ያለበት ጭቃ እንዲያ አይከብድም። ያስተማሩኝን የመጀመሪያ ነገር ነው ፊት ለፊታቸው ያፈረስኩት።

"ምናልባት... በደንብ አላየሁት ይሆናል" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተሻለኝ።

"አይ" አሉ። "ጥሩ ዓይን አለሽ። በደንብ ነው ያየሽው።"

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሐናን፣ ይህን ወረቀት አንሺልኝ። ከበደኝ።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ሂሩት፣ ደክሞሻል። ሂጂ ወደ ቤትሽ።"

በስድስት ዓመት ውስጥ "ሂሩቴ" ሳይሉኝ ስሜን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

እትዬ ዘሀራ እስከ በሩ ሸኙኝ። እጄን ይዘው ሳሙት፤ ልሸሸው ብል አልለቀቁኝም። "ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። ልክ ሲነጋ ተነሥቼ ሳን ሊያንድሮ ሄድኩ። ሁሉንም ልነግራቸው ነው፤ የቁጥሩን፣ የድሮውን ጉድጓድ፣ የማስታወሻዬን። ይቆጡኝ፣ ይጩኹብኝ፣ እንደ ተማሪ ያፋጥጡኝ። ያንን ነበር የምፈልገው። እየተራመድኩ ሳይሆን እየሮጥኩ ነበር።

ሐናን በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሣችም።

"ሂ ስቶፕድ ቶኪንግ፣ መናገር አቁሟል" አለችኝ። "ትናንት አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው።"

"ምን አሉ?"

አማርኛውን ሳታዛባ ለማድረስ ሞከረች፤ ቃሉን ቀስ ብላ ጠራችው። "'ሂሩት አዘነችልኝ' አለ።" ከዚያ፣ "ኢት ዲድንት ሳውንድ ላይክ አ ጉድ ቲንግ" አለች፤ ደግ ነገር አልመሰላትም።

ገባሁ። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል፣ የሚያይ ግን አይደለም። እስትንፋሳቸው ረጅም ጊዜ ቆሞ ይመለሳል። ነርሷ የመድኃኒቱን ጠብታ ሰጥታቸው ስትነሣ "ሊሰሙሽ ይችላሉ፤ አናግሪያቸው" አለችኝ። እትዬ ዘሀራ ጓዳ ውስጥ እየሰገዱ ነው። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ተናገርኩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ሂሩት ነኝ። ድንጋይ ነው። መቋቋሙ አልወጣም፤ ዋሸሁዎት። ከሦስት ዓመት በፊትም አውቄ ነበር። ፋይሉን ዘጋሁት። መነሻውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አልተሳሳቱም። ይቅር ይበሉኝ።"

ደጋግሜ አልኩት። እጃቸውን ያዝኩ፤ ጣታቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ቀና ስል ሐናን በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

የከሰዓቱ ሰላት፣ ዐስር፣ ካለፈ በኋላ ሞቱ። በማግስቱ ተቀበሩ፤ እንደ ሥርዓታቸው ፈጥነው። በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ "ያሰበው ተሳክቶለት ሄደ።"

ሰኞ ሥራ ስገባ ማስታወሻዬን አትሜ አለቃዬ ፊት አስቀመጥኩት። እንዲያባርረኝ ፈልጌ ነው። አነበበው። "ያኔ ብትነግሪንም ቁፋሮው አይቀርም ነበር፤ ሁላችንም ጓጉተን ነበር" አለኝ። ወረቀቱን መለሰልኝ። ሪፖርቱ ላይ "ከተገመተው በታች" ተብሎ ተጻፈ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር። የጋሽ ሰይድ አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ማንም አልተቆጣኝም። ሰው ስለ ይቅርታ ብዙ ያወራል፤ የሚከሰው የሌለ ሰው ግን ይቅርታውን ከማን እንደሚቀበል የነገረኝ የለም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ሥራዬን አልተውኩም። አሁን ጥርጣሬዬን የሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እጽፋለሁ፤ ባልደረቦቼ ጥንቃቄዬን ያደንቃሉ። እኔ ግን ጥንቃቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለአንድ ሰው ያልሰጠሁትን ለማያስፈልጋቸው ሰዎች ማከፋፈል ነው። ብዙዎቻችሁ "ያደረግሽው ለእሳቸው ብለሽ ነው" ልትሉኝ እንደምትችሉ ይገባኛል። እኔም ለብዙ ጊዜ ለራሴ እንዲያ እል ነበር። ነገር ግን ጋሽ ሰይድ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ስገፋ አግኝተውኝ አላዘኑልኝም። ምን ተማርሽ ብለው ጠየቁኝ፤ የመለስኩላቸውንም እውነት ብለው ተቀበሉ። እኔ ደግሞ በመጨረሻው ቀናቸው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ በሽተኛ አየኋቸው። ድንጋይ መሆኑን ብነግራቸው ምናልባት "እስቲ አሳዪኝ" ይሉኝ ነበር። ምናልባት አብረን ስንቆጥር፣ ስንከራከር ያቺን ከሰዓት እንጨርሳት ነበር። እሷን ከሰዓት ቀማኋቸው። ሰምተውኝ እንደሆነም እስከ ዛሬ አላውቅም። ነርሷ ያለችውን አላምንም፤ ላምን ብፈልግም የእጃቸው ዝምታ አይፈቅድልኝም።

እትዬ ዘሀራ በየዒዱ ይጠሩኛል። ቀርቼ አላውቅም። ሰው ሞልቶ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ያወራሉ፤ ሰይድ እንዴት የመርከቧን ወሬ ሲጠብቅ ነፍሱን እንዳቆየ፣ እንዴት ያቺ ልጅ በመጨረሻው ሰዓት የምሥራች ይዛ እንደደረሰች፣ እንዴት ፈገግ ብሎ እንደሄደ። እንግዶቹ ዞር ብለው ያዩኛል፣ ይመርቁኛል።

ባለፈው ዒድም እንዲሁ ሆነ። እትዬ ዘሀራ ታሪኩን ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ።

"አይደል ሂሩትዬ? ያለው ሁሉ አልሆነም?"

ሐናን ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሣችም። ከአባቷ የወረሰችው ዓይን ነው።

"ሆኗል፣ እትዬ ዘሀራ" አልኩ።

ሐናን ተነሥታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። የእኔን ግን አላነሣችውም።